ዕድሉ የማን ነው?

አክስቴ ከአርባ ዓመት የአሜሪካ ኑሮ በኋላ ባለፈው ዓመት ለእናቴ ሙት ዓመት አዲስ አበባ መጥታ ሦስት ሳምንት ከእኛ ጋር ሰንብታ ነበር። ጧት ጧት ዳዊት ትደግማለች። አንድ ቀን ከዳዊቷ ውስጥ በአራት የታጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ወደ ብጫነት የተለወጠ ወረቀት ወደቀና አነሣሁላት። የአያቴ ደብዳቤ መስሎኝ ነበር። ሳየው ግን በታይፕ ተጽፎ የተባዛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው አክስቴ?»

«አንብበው» አለችኝ።

አነበብኩት። በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ የሚገኝ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር በየወሩ ለአባላቱ ያወጣው የነበረ ወረቀት ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1984 ዓመት ቀን አለበት። ከላይ «ዜና» ይላል። ማን እንደ ወለደች፣ ማን እንደ ታመመች፣ የሚቀጥለው ስብሰባ በማን ቤት እንደሚሆን ይናገራል። ከታች ደግሞ «የአገልግሎት ዕድሎች» የሚል ርእስ አለ። በሥሩ አምስት ነገሮች ተዘርዝረዋል። ብርድ ልብስ መስፋት፣ አረጋውያንን መጠየቅ፣ ለተማሪዎች ደብተርና እርሳስ በከረጢት ማዘጋጀት እያለ ይወርዳል። የአክስቴ ጣት አራተኛው ላይ ዐረፈ። «ከኢትዮጵያ ተሰድዳ በሱዳን በኩል የመጣች አንዲት እናት ከሁለት ዓመት ልጇ ጋር ወደ ከተማችን ገብታለች። ወፍራም ካፖርት፣ ድስትና ሳህን፣ ሐሙስ ሐሙስም ሐኪም ቤት በመኪና የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋታል» ይላል።

«አራተኛዋ ዕድል እኔ ነኝ» አለችና ሣቀች።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ፣ ከሱዳን መጠለያዎች ወደዚያ የተሻገሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከተቀበሏቸው መካከል አብያተ ክርስቲያናት ይገኙበታል። አክስቴ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ካፖርቱ ሲመጣ ለብሳ፣ ድስቱ ሲመጣ ጥዳ፣ መኪናው ሲመጣ ገብታ ኖረች። ወረቀቱን ያገኘችው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት በማጽዳት ስታግዛቸው ነው። ቋንቋው ገብቷት ነበርና አነበበችው።

«ካፖርቱን ሲሰጡኝ አላፈርኩም፤ በርዶኝ ነበር» አለችኝ። «ይኼን ያነበብኩ ዕለት ግን አፈርኩ። ያሳፈረኝ ድስት መቀበሌ አይደለም፤ ዕድል መባሌ ነው።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥሽው?»

«እሱን ቆይቼ እነግርሃለሁ።»

አክስቴ ቆይታ እስክትነግረኝ ድረስ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለመሆኑ የአንዱ ችግር ለሌላው «ዕድል» ሊባል ይገባዋልን?

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። ዐደለ ማለት አካፈለ፣ ለየድርሻው ሰጠ ማለት ነው። የስንዴ ዕደላ፣ የብርድ ልብስ ዕደላ እንላለን። ታደለ ስንል ደግሞ መልካም ድርሻ የደረሰው፣ ዕድለኛ የሆነ ማለታችን ነው። ስለዚህ በአማርኛችን ዐዳይና ዕድለኛ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይታደላል። የሜቶዲስቶቹ ወረቀት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። በወረቀቱ መሠረት የታደለችው ካፖርቱን የለበሰችው አክስቴ አይደለችም፤ የታደለችው ካፖርቱን ያመጣችው ሴት ናት።

ይህ መገለባበጥ ጥሩ ነው የሚል ሰው ብዙ መከራከሪያ አያጣም። አሪስቶትል ስለ ታላቅ ነፍስ ሰው ሲናገር፣ እንዲህ ያለው ሰው በጎ ማድረግን ይወዳል፣ በጎ ሲደረግለት ግን ያፍራል፣ መስጠት የበላይ፣ መቀበል የበታች ነገር ነውና ይላል። የተደረገለትን የሚመልሰውም አብዝቶ ነው፤ ባለዕዳው ሌላው ይሆን ዘንድ። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻይ ቤት ሒሳብ ለመክፈል የሚታገለው፣ ከከፈለም በኋላ የማይረሳው ሰው ነው። ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ተቃራኒውን ይመክራል። ረጂ በርዳታው ሌላውን ያሰረ እንዳይመስል ይጠንቀቅ፤ እንዲያውም ተረጂው በመቀበሉ እርሱን እንዳከበረው አድርጎ ያሳይ ይላል። «የአገልግሎት ዕድል» የሚለው አነጋገር ከካንት ምክር ጋር የሚስማማ ይመስላል። ሰጪዋ «አደረግሁልሽ» አትልም፤ «ዕድል ሰጠሽኝ» ትላለች።

ዳሩ ግን ሁለት ነገር ያሰጋል። አንደኛው፣ አነጋገሩ ጨዋነት ብቻ ከሆነ ውሸት ነው። ብርድ የሚቆረጥማት አንደኛዋ ናት፤ ሌላኛዋ ቤቷ ሞቃት ነው። ይህን በጣፋጭ ቃል መሸፈን አይቻልም። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። አነጋገሩ ከልብ ከሆነ፣ ችግረኛው የሰጪ መወጣጫ መሰላል ሊሆን ነው። እኛም አገር ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ሳንቲም ስንወረውር ስንቶቻችን ስለ እርሱ እናስባለን? «ለነፍሴ» እንላለን፤ ነፍሲቱ የእኛ ናት። ነገ ጧት ድኻ ከምድር ላይ ቢጠፋ፣ የመጽደቂያ መንገዱ ተዘጋብኝ ብሎ የሚያዝን ለጋስ አይኖርምን?

ይህን ጥያቄ በእነዚያ ሴቶች ታሪክ ውስጥ ስከታተለው፣ መልሱ አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ ሲያዘነብል አየሁት።

ሜቶዲስት የሚለው ስም ራሱ በመጀመሪያ ፌዝ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ዌስሊና ጓደኞቹ በኦክስፎርድ ለጸሎት፣ ለጾምና እስረኛ ለመጠየቅ ቋሚ ሰዓትና ሥርዓት ስላበጁ፣ ሌሎች ተማሪዎች «ሥርዓተኞች» እያሉ ቀለዱባቸው፤ ስሙም ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ1742 በብሪስቶል ከተማ የመሰብሰቢያ ቤታቸውን ዕዳ ለመክፈል ሲመክሩ፣ ካፒቴን ፎይ የተባለ ሰው እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ አለ። ድኾቹስ ከየት ያመጣሉ? ቢሉት፣ ከድኾቹ አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ እየሄድሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ ያቃታቸውን እኔ እሞላለሁ ብሎ መለሰ። ሌሎችም እንደ እርሱ በየቤቱ መዞር ጀመሩ። ሲዞሩ ታዲያ አንዱን ሰክሮ፣ ሌላውን ከሚስቱ ጋር ሲጣላ አገኙት። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ትልቁ ነገር ፔኒው ሳይሆን የቤት ለቤት ጉብኝቱ መሆኑ ገባው። ገንዘብ ፍለጋ የተንኳኳ በር ሰውን አሳየ ማለት ነው።

ከ127 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1869 ደግሞ ዝናብና ነፋስ በበዛበት ቀን ከዐሥር የማይበልጡ ሴቶች በቦስተን ከተማ በአንዲት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ከህንድ የተመለሱ ሁለት የሚሲዮናውያን ሚስቶች፣ በዚያ አገር ሴቶች ወንድ ሐኪምም ሆነ ወንድ አስተማሪ ዘንድ ስለማይቀርቡ ሴት ሐኪምና ሴት አስተማሪ እንደሚያስፈልግ ነገሯቸው። ሴቶቹም የውጭ አገር ተልእኮ ማኅበር አቋቋሙ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ወንዶች አለቆች የዋናው ቦርድ ገቢ እንዳይቀንስ ሰግተው፣ ሴቶቹ ወንድና ሴት በተሰበሰበበት ጉባኤ ገንዘብ እንዳይለምኑ ገደቧቸው። ስለዚህ መዋጮውን እጅግ ትንሽ አደረጉት፤ በሳምንት ሁለት ሴንት፣ በዓመት አንድ ዶላር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የእኛን ተረት ሳያውቁ ሠሩበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኢዛቤላ ቶበርን የተባለች አስተማሪና ክላራ ስዌይን የተባለች ሐኪም ወደ ህንድ ተሳፈሩ። ቶበርን እ.ኤ.አ. በ1870 በላክናው ከተማ ገበያ መካከል በአንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ልጃገረዶችን ማስተማር ጀመረች። ያቺ ክፍል ኋላ የሴቶች ኮሌጅ ሆነች። ስዌይን በባሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1874 የሴቶች ሆስፒታል ከፈተች። ያው ማኅበር የላካት ሜሪ ስክራንተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 በሴኡል ከተማ በአንዲት ተማሪ የጀመረችው ትምህርት ቤት ዛሬ ታላቁ የኢህዋ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሴንት ይህን ሁሉ ሠራ። ነገር ግን የማኅበሩን መጽሔት ስም ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1869 ሲጀመር «የአረማዊት ሴት ወዳጅ» ይባል ነበር። ወዳጅሽ ነኝ ይላታል፤ አረማዊትም ይላታል። ስሟን ሳይጠይቅ ወዳጅ የሆነ ሰው ምን ዓይነት ወዳጅ ነው? ይህ ስም እስኪቀየር 27 ዓመት ፈጀ።

ከላክናው ተማሪዎች አንዷ ሊላቫቲ ሲንግ ትባላለች። ከቶበርን ዘንድ ተምራ በዚያው ኮሌጅ አስተማሪ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1900 ኒው ዮርክ በተደረገው ታላቅ የሚሲዮናውያን ጉባኤ ላይ ቆማ ተናገረች። ንግግሯን የሰሙት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን፣ ለተልእኮ ሥራ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቼ ፍሬው እርሷ ብቻ ብትሆን ገንዘቤ አልባከነም እላለሁ አሉ ተብሎ ይነገራል። አድናቆቱ ከልብ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ቃሉን መላልሼ ሳስበው ይከነክነኛል። ሴቲቱ የምታስተምር፣ የራሷ አሳብ ያላት ምሁር ናት፤ አድናቂዋ ግን በእርሷ ውስጥ ያዩት የገንዘባቸውን ትርፍ ነው። አክስቴ ወረቀቱን ስታነብ ያሳፈራት ይኸው ይመስለኛል።

በሌላ በኩል እነዚሁ ሴቶች መብራቱን ወደ ራሳቸው ቤት ያዞሩበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ ሦስት የሜቶዲስት ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ1939 ሲዋሐዱ፣ የጥቁሮቹ አጥቢያዎች በብዛት ለብቻቸው በተከለለ አስተዳደር ሥር ተደረጉ፤ ይህም እስከ 1968 ቆየ። ባሕር ማዶ ላለችው ህንዳዊት የሚያዋጣ እጅ፣ እዚያው መንገድ ማዶ ካለችው ጥቁር እኅቱ ጋር በአንድ ጉባኤ አይቀመጥም ነበር ማለት ነው። የሴቶቹ ክፍል ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ዘር የሚመራበትን ሰነድ አጽድቆ፣ በራሱ ሥራና ስብሰባ ውስጥ መለያየትን ለማስወገድ ቃል ገባ፤ ይህም ያ የተከለለ አስተዳደር ከመቅረቱ 16 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ካፖርት መስጠት ቀላል ነው። «እኛስ ምን አጥፍተናል?» ብሎ መጠየቅ ግን በከረጢት ተሞልቶ አይላክም። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ስሙን ለውጦ «የተባበሩ ሴቶች በእምነት» ተብሏል፤ ሥራውም አልቆመም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። በጎ ሥራ በወረቀት ተጽፎ፣ ተባዝቶ መታወጅ አለበትን? ወንጌሉ በአንድ የተራራ ስብከት ውስጥ ሁለት ነገር ያዘናል። በአንድ ወገን መልካም ሥራችሁ በሰው ፊት ይብራ ይላል፤ በሌላ ወገን ስትመጸውት መለከት አታስነፋ፣ ግራ እጅህም ቀኝህ የሚሠራውን አይወቅ ይላል። ሁለቱን እንዴት እናስታርቃቸው?

እኔን የረዳኝ የዕድራችን ጡሩምባ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በልጅነትህ ገና ሳይነጋ ከእንቅልፍ የቀሰቀሰህን ያን ድምፅ አስታውስ። ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ የሚለፍፈው እገሌ ይህን ያህል ሰጠ ብሎ አይደለም፤ እገሌ ዐረፈ፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው ብሎ ነው። የሚታወጀው ጉድለቱ ነው እንጂ ስጦታው አይደለም። ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ድንኳኑን የተከለው፣ ወንበሩን የተሸከመው፣ ንፍሮውን የቀቀለችው ማን እንደሆነ አይለፈፍም። የሜቶዲስቶቹ ወረቀትም በዚህ ሚዛን ሲታይ ብዙ አይወድቅም። ካፖርት ያስፈልጋል አለ እንጂ እገሊት ካፖርት ሰጠች አላለም።

ነገር ግን ከጡሩምባው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ዕድር ውስጥ ተራ የማይደርሰው የለም። ዛሬ ድንኳን የተከልሁለት ሰው ነገ ለእኔ ይተክላል፤ ሞት ሁላችንንም ባለጉዳይ ያደርገናልና ሰጪና ተቀባይ ተብለን አንከፈልም። የሁሉም ስም አንድ ቀን ይለፈፋል። በቦስተንና በላክናው መካከል ግን ተራው አይዞርም ነበር። አንደኛዋ ሁልጊዜ ዐዳይ፣ ሌላኛዋ ሁልጊዜ ዕድል። አክስቴን ያሳፈራት ቃሉ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በዝርዝሩ ላይ ስም አልነበራትም፤ «አንዲት እናት» ናት። ከላይ በዜናው ክፍል የታመሙት ሁሉ ግን በየስማቸው ተጽፈዋል።

ስለ ዕድር ይህን ያህል ሳወራ ራሴን የማወድስ እንዳይመስልብኝ እውነቱን ልናገር። እኔ የዕድር አባል የሆንኩት እናቴ በሕይወት ሳለች በሷ ግፊት ነው። ወርኃዊውን መዋጮ አላስተጓጉልም። ቀብር ግን አልሄድም፤ ሥራ አለብኝ፤ መቀጫዬን እከፍላለሁ። አሁን መልእክቱ በስልክ ስለሚመጣ እንቅልፌንም አያቋርጠኝም። እናቴ ያረፈች ዕለት ግን ድንኳኑ ከመቼው እንደ ተተከለ አላውቅም። ሬሳዋን ከተሸከሙት መካከል ግማሾቹን ስማቸውን አላውቃቸውም ነበር። እነርሱ የእኔን ያውቁታል።

አክስቴ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ሻንጣዋን ስናሥር ወረቀቱን አስታወስኳት።

«ሁለተኛውን አላነበብክም እኮ» አለችኝ። ለካ ወረቀቱ አንድ አልነበረም፤ በዕጥፋቱ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነበረ። እ.ኤ.አ. የ1989 ነው። እዚያም «የአገልግሎት ዕድሎች» ይላል። ሦስተኛው ተራ ላይ አንዲት ሴት በስሟ ተጠርታለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች፤ ምሳ የሚያደርስላት ሰው ያስፈልጋታል።

«ካፖርቱን ያመጣችልኝ ሴትዮ ናት» አለች አክስቴ። «የፊተኛውን ወረቀት ባገኘሁበት ወር ነው የወጣው። በንዴት ልቀድደው ነበርኮ። ይኼን ሳይ ማክሰኞና ዓርብ የእኔ ነው አልኳቸው። ልጇ በሩን ከፈተችልኝና ገባሁ። ሴትዮዋ ስታየኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፈረች! እኔ ምን እንደሚሰማት ስለማውቅ ምንም አልተናገርኩም፤ ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ማክሰኞ ዶሮ፣ ዓርብ ሽሮ። ሽሮውን መጀመሪያ ፈራችው፤ ኋላ ለመደችው። በስድስተኛው ሳምንት ላይ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዛሬ ጨው አንሶታል› አለችኝ።»

«ተቀየምሽ?»

«እንዴት እቀየማለሁ? ያን ቀን ነው ወዳጅ የሆነችኝ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ የካፖርቷ እጅጌ አጭር መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። ክርኔ ድረስ እየበረደኝ ‹ቴንኪው› እላለሁ። ጨው አንሶታል ስትለኝ ጊዜ እኔም ነገርኳት። በሽተኛ ናት ሳልል፣ ሁለታችንም እስክናለቅስ ሣቅን።»

በአሪስቶትልና በካንት መካከል ስዋልል የከረምኩበትን ነገር አክስቴ በጨውና በእጅጌ ፈታችው። መስጠት የሌላውን ክብር የሚነካው ተቀባዩ ስለተቀበለ አይመስለኝም፤ እጅጌው አጭር ነው ለማለት ስለማይደፍር ነው። እርሱም መልሶ የሚሰጥበት ተራ ሲደርሰውና በስሙ ሲጠራ፣ ያን ጊዜ «ዕድል» የሚለው ቃል ለሁለቱም ይሆናል።

አክስቴ ሁለቱን ወረቀቶች አንዱን በአንዱ ውስጥ አጥፋ ወደ ዳዊቷ መለሰቻቸው። እኔ እርሷን ሸኝቼ ስመለስ የዕድራችንን ጸሐፊ ደወልኩላቸው። እስካሁን የሰባት ቀብር መቀጫ ከፍያለሁ። የሰባቱን ሟቾች ስም ግን ጠይቄ መጻፍ ነበረብኝ፤ አንዱንም አላውቀውም ነበር።